የሰይድ ወንበር

ባለፈው ሳምንት መቐለ ላይ ከሮማናት ወደ ሓድነት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ገና ከፀጉር አስተካካይ መውጣቱ ነበር፤ መስኮቱ ሲከፈት የአንገቱ ኮሎኛ ወደ እኔ መጣ። የዛሬ ልጆች የሚቀቡት ጣፋጭ ሽቶ አልነበረም። ሎሚና አልኮል የሚሸተው፣ ምላጭ ባለፈበት ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚቆጠቁጠው የድሮው ኮሎኛ ነበር። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም፤ ከመውረጃዬም አልፌ ወረድኩ። እንዲህ ያለ ስሕተት የምሠራ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ወደ ቤቴ በእግሬ ስመለስ ቅር አላለኝም፤ ሽታው ሰይድ ቤት አድርሶኝ ነበርና።

ሰይድ በወጣትነቱ ከወሎ ጨርቅ ተሸክሞ የመጣ፣ ጨርቁን ሸጦ ሲጨርስ መቀስ የጨበጠ ሰው ነበር። ቤቱ ከሮማናት አደባባይ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ዛሬ የስልክ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጡ ሱቆች በያዙት ጥግ ላይ ነበረ። በሩ ላይ የዶቃ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ሰው በገባ ቁጥር እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ፀጉር በሃምሳ ሳንቲም፣ ጢም በስሙኒ ይስተካከል ነበር፤ ኮሎኛው በስሙኒዋ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጅጌው የተጠቀለለ ነጭ ሸሚዝ፣ ከጉልበቱ በታች የሚሰፋ ሱሪና ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ያደረግን ጐረምሶች አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተራ እንጠብቃለን። ፀጉራችንን ለማሳጠር አልነበረም የምንሄደው፤ የአፍሮአችንን ዙሪያ ለማስከርከም ነበር። ያን ጊዜ የአንድ ሰው ክብር የሚለካው በፀጉሩ ክበብ ትክክለኛነት ነበር ብል አላጋነንኩም። ራዲዮኑ ከመስተዋቱ በላይ ተቀምጦ ክራር ያሰማናል። ሰይድ የወደደው ዘፈን ሲመጣ ምላጩን ከደንበኛው ፊት አርቆ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይቆማል። ግማሽ ጉንጩ በሳሙና የተሸፈነ ሰው ቢያጉረመርም አይሰማውም። «ዘፈንም ምላጭም ሙሉ ልብ ይፈልጋሉ፤ እኔ ያለኝ አንድ ልብ ነው» ይላል።

ሦስት ወንበሮች ነበሩት። ሁለቱ የከተማችን አናጢ የሠራቸው፣ የራስ መደገፊያ የተገጠመላቸው የእንጨት ወንበሮች ናቸው። ሦስተኛው ግን እግሩ ቀልጦ ከተቀረጸ ብረት የተሠራ፣ ነጭ ኢናሜል የለበሰ፣ መቀመጫው ቀይ ቆዳ፣ የእግር ማሳረፊያው እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ የጣልያን ወንበር ነበር። ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያናዊ ፀጉር አስተካካይ እንደገዛው ይናገራል። ቀኝ እጀታው አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ በነሐስ ስለ ተበየደ፣ በነጩ ላይ ቢጫ መስመር ነበረበት። በጎኑ ያለው ማንሻ ወደ ታች ሲጫኑት፣ ከሥሩ ያለው ዘይት ይገፋና ወንበሩ ከነሰውዬው በዝግታ፣ አንዳች ድምፅ ሳያሰማ ከፍ ይላል። እኔ ምሕንድስና ለማጥናት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት፣ ዘይት ሰውን ሊያነሣ እንደሚችል ያወቅሁት በዚያ ቤት ነው።

በዚህ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም ነበር። ባለሥልጣን ቢመጣ፣ ባለሀብት ቢመጣ ተራው የእንጨቱ ነው። የብረቱ ወንበር ለሁለት ሰዎች ብቻ የተለየ ነበር፤ ለሙሽራና ለሐዘንተኛ። የሞተበት ሰው በአገራችን ደንብ ፀጉሩንና ጢሙን አይነካም። ጊዜው ሲደርስ ወዳጅ ዘመድ እጁን ይዞ ወደ ፀጉር አስተካካይ ይወስደዋል። በራሱ እግር ከሄደ ሟቹን ለመርሳት የቸኮለ ይመስልበታል። ሙሽራም እንደዚሁ በሚዜዎቹ ታጅቦ ነው የሚመጣው። ሰይድ እስላም ነው፤ የሚያስተናግዳቸው ሐዘንተኞች አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ደንባቸውን ግን ከብዙዎቻችን አብልጦ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ስለዚህ ወንበር ስጠይቀው፣ «ሙሽራና ሐዘንተኛ ሰው ይዟቸው ነው የሚመጡት» አለኝ። «ሰው ይዞ ያመጣውን ሰው እኔም ከፍ አድርጌ ነው የምቀበለው።»

ጓደኛዬ ኪሮስ ሊያገባ ሲል ሚዜው ሆኜ ወደዚያ የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። ኪሮስ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ረጅም፣ ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ተሳፋሪውን ሁሉ በስሙ የሚጠራ ሰው። በቀዩ ቆዳ ላይ ሲቀመጥ ግን እንደ ልጅ ጭምት ሆነ።

«ሰይድ፣ ጆሮዬን እንዳትነካብኝ» አለ።

«ጆሮህ ከነገ ጀምሮ የሚስትህ ነው። የሰው ንብረት አልነካም» አለው ሰይድ ሳሙናውን እየደፈደፈ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይህን ሰው ስማልኝ!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ፊትህን አታዙር። ዛሬ መሪ የያዝከው አንተ አይደለህም» አልኩት። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ።

ሰይድ ማንሻውን ተጫነ። ኪሮስ ከፍ ከፍ አለ፤ ራሱን በመስተዋቱ ውስጥ ከሁላችንም በላይ አየ። ሰይድ ከሙሽራም ከሐዘንተኛም ገንዘብ አይቀበልም ነበርና፣ ስንወጣ ለኪሮስ የሰጠው የቀረውን ኮሎኛ ከነጠርሙሱ ነው። በማግስቱ ለተብርሃንን አገባ፤ የሰርጉን ነገር ብጀምረው ስለማልጨርሰው እተወዋለሁ።

ዘመን ተለዋወጠ። እኔ ተመርቄ ተመለስኩና የቴክኒክ ትምህርት አስተማሪ ሆንኩ። አፍሮው ጠፋ፣ ሱሪው ጠበበ፣ ሰይድ አረጀ፤ እንደ ሞተም ቤቱ ተዘጋ፣ ወንበሮቹም ወዴት እንደ ሄዱ የሚያውቅ አልተገኘም። ልጁ አሕመድ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበር፤ ዛሬ ሓወልቲ አካባቢ ሰፊ የፀጉር ቤት አለው፤ ወንበሮቹ ጥቁር ስፖንጅ የለበሱ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚገሸለጡ ናቸው። ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ። ጡረታ ስወጣ ሰዎች ንብ ያነባሉ፣ ማኅበር ያቋቁማሉ፤ እኔ የድሮ የፀጉር አስተካካይ ወንበር መሰብሰብ ጀመርኩ። ለወዳጆቼ የማስረዳውን እዚህም ልድገመው። ይህ ዕቃ ሦስት ትውልድ አለው። የመጀመሪያው ቋሚ የእንጨት ወንበር ነው፤ ሰውየው ይጎነበሳል፣ ባለሙያውም ይጎነበሳል። ሁለተኛው በጥርሳም ጎማ ወይም በጥምዝ ብሎን የሚሽከረከርና ወደ ኋላ የሚጋደም ነው። ሦስተኛው በዘይት ግፊት የሚነሣው ነው፤ በዚህ ትውልድ የፀጉር አስተካካይ ወገብ ዳነ። ከሦስቱም ትውልድ የሆኑ ወንበሮች በቤቴ አሉ። ዓድግራት ከአንድ ግቢ ከዶሮ ሥር ያወጣሁት አለ። ከአስመራ በሰው በሰው ደርሶኝ፣ ኒኬሉ እስከ ዛሬ ፊት የሚያሳይ ነበረኝ። አንዱም የሰይድ ባይሆንም፣ እያንዳንዱን ሳየው የምመረምረው በመጀመሪያ ቀኝ እጀታውን ነበር። አንድም ሰው እንዲቀመጥባቸው አልፈቀድኩም። ባለቤቴ ምሕረት ለእንግዶች፣ «ወንበር ሞልቶናል፤ መቀመጫ ግን የለንም» እያለች ከጓዳ ዱካ ታመጣለች።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። መንገዱ፣ ስልኩ፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ ከሰፈር ሰፈር መሄድ ራሱ ጕዞ የሆነበት ጊዜ። ለተብርሃን መድኃኒት ታጥቶ ዐረፈች። ሬሳዋን ያወጣነው ጥቂት ሰዎች ነበርን። ድንኳን አልተጣለም። ዐርባዋ ሲደርስ ለመሰባሰብ አልቻልንም፤ ስለዚህ የኪሮስን እጅ ይዞ ወደ ምላጭ የወሰደው ሰው የለም። ከዚያ በኋላ መንገድ ሲከፈት፣ ሁሉም የየራሱን ሙት ሲቆጥር፣ የእሱ ጊዜ አልፎ ነበር። ያለ ጊዜው ሰውን ከሐዘን ማንሣት ደግሞ ማን ይጀምረዋል? ጢሙ ደረቱ ላይ ወረደ። ከቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ ሆነ። ያ ተሳፋሪውን በስሙ የሚጠራ ሰው ለሰላምታ ራሱን ብቻ መነቅነቅ ጀመረ።

አንድ ቀን ልጁ ፍረወይኒ ወደ ቤቴ መጣች። ከታጨች ቆይታለች፤ እጮኛዋ ታጋሽ ልጅ ነው፤ የወንዱ ቤተሰብ ግን ቀን ይቆረጥ እያለ ነው።

«ኣቦይ መምህር» አለች፣ «አባቴ ‹ዳሩልኝ፣ እኔ ግን ሰርግ ቤት አልገባም› ይላል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሙሽራ አይመርቅም ይላል። አባቴ ያልመረቀኝን ሰርግ ምን አደርገዋለሁ?»

«ጢሙን እንዲቆረጥ ነግረሽዋል?»

«እኔ ልጁ ነኝ። እንዴት እላለሁ? እርስዎ ካልነገሩት ማን ይነግረዋል?»

በማግስቱ ሄድኩ። ኪሮስ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ነገሩን ሳልጠመዝዝ ነገርኩት፤ ከእሱ ጋር እንደዚያ ነው የምንነጋገረው። ከጢሙ ሥር ፈገግ ያለ መሰለኝ።

«ለለተብርሃን ብዬ የተላጨሁት በሰይድ ወንበር ነው። ከእሷ የምነሣውም በሰይድ ወንበር ነው። አንተ ወንበር ሰብሳቢ አይደለህ? አምጣው እስቲ፣ መምህር» አለኝ።

እኔን ዝም ለማሰኘት የተናገረው እንደ ሆነ ገብቶኛል። ወንበሩ የት እንዳለ ማንም እንደማያውቅ ያውቃል። ይህ ግን ለእኔ ዓይነት ሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ለአሕመድ ደወልኩለት። ዘመዶቹን ጠያይቆ፣ እናቱ ከመሞቷ በፊት ወንበሩን ለአንድ ጥርስ ነቃይ መሸጧን እንደ ሰማ ነገረኝ። ጥርስ ነቃዩ ሞቷል፤ ዕቃውን የወረሰው የእኅቱ ልጅ ለአንድ እንጨት ነጋዴ ሰጥቶታል፤ እንጨት ነጋዴው ደግሞ የወፍጮ ቤቱን ሲሸጥ አብሮ ሸጦታል። ወፍጮ ቤቱ እዚሁ ሓድነት፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስበት ነው። እህላችን የሚፈጨው ሌላ ቦታ ስለሆነ አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም። ስገባ ባለ ወፍጮው በዱቄት ነጭ ሆኖ፣ ከማሽኑ ጎን ከፍ ባለ ነገር ላይ ተቀምጧል። ከእጁ ሥር፣ ዱቄቱን በጣቴ ስጠርገው፣ ቢጫው የነሐስ መስመር ወጣ።

ባለ ወፍጮው አልሸጥም አለ። «ኣቦይ፣ ገንዘቡ ያልቃል፤ ወገቤ ግን አብሮኝ ይኖራል። እንደዚህ የሚያስደግፍ ከየት አገኛለሁ?» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ስለዚህ ክርክሬን በዚያው መስመር አደረግሁት። ቤቴ ወሰድኩትና የፈለገውን እንዲመርጥ አልኩት። በየተራ ተቀመጠባቸው፤ ምሕረት በሩ ላይ ቆማ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ትመለከታለች። በመጨረሻ የመረጠው የአስመራውን፣ ኒኬሉ ፊት የሚያሳየውን ነው። ከስብስቤ ሁሉ ዋናውን ሰጥቼ፣ ቆዳው የተቀደደ፣ ኢናሜሉ የተላጠ፣ ዘይቱ የፈሰሰ ወንበር በጋሪ አስገባሁ። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ቢያየኝ አእምሮዬን ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን የበለጠ ኮርቼ ጋሪ የተከተልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጥገናውን ለማንም አልሰጠሁም። የዘይት ቤቱን ፈትቼ ዝገቱን በኬሮሲን አጠብኩ። ዘይቱን የሚያግደው የቆዳ ቀለበት ደርቆ እንደ ቅጠል ተሰባብሯል፤ በበሬ ቆዳ ቆርጬ፣ በሞራ አርሼ፣ በልኩ ሠራሁ። የመጀመሪያው አፈሰሰ፤ ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ስገጥም አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጭኜ ማንሻውን ተጫንኩ፤ ተነሣ። ከምሳ በኋላ ተመልሼ በመለኪያ ባየው ከነበረበት አንዲት ስንዝር ቀርቶ አንዲት ጣት አልወረደም። ለመቀመጫው ቀይ ቆዳ አገኘሁለት። የነሐሱን መስመር ግን አልሸፈንኩትም፤ እሱ የወንበሩ መታወቂያ ነው።

ከዚያ ደስታዬ አስቸኰለኝና ለኪሮስ ስልክ ደወልኩ። «ወንበሩ ተገኝቷል። ሠርቷል። ነገ ጧት ና» አልኩት። «ሕራይ፣ እሺ» አለና ዘጋ። በማግስቱ አሕመድ ከነዕቃው መጣ፣ ውሃ ፈላ፣ ፎጣ ታጠፈ። ኪሮስ አልመጣም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አሕመድ ደንበኛ አለኝ ብሎ ሄደ። እኔ ተቆጣሁ፤ ያን ሁሉ ደክሜ፣ ያን የመሰለ ወንበር ሰጥቼ እያልኩ በግቢው ተንጎራደድኩ። ምሕረት አተር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል፣

«ሐዘንተኛ በስልክ ይጠራል?» አለችኝ።

ቆምኩ።

«‹ና› ብለኸው ቢመጣ በእግሩ መጣ ይባላል። የሰይድን ወንበር አገኘህ፤ የሰይድ ወንበር ምን እንደ ሆነ ግን ረሳህ» አለች። ከሰፌዱ ላይ አንድ ጠጠር አንሥታ ወረወረች።

ቅዳሜ ጧት ነጭ ነጠላዬን ለብሼ፣ ከአሕመድ ጋር ወደ ኪሮስ ቤት ሄድን። ፍረወይኒ በሩን ከፍታ ሁለታችንን ስታይ ወደ ጓዳ ገባች። ኪሮስ ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ሆናችሁ?» አለ።

«ልንወስድህ መጣን» አልኩት።

«ጊዜው አልፏል፣ ሓወይ።»

«የዘገየነው እኛ ነን። አንተ በጊዜህ ተቀምጠህ ጠብቀኸናል» አልኩት። እጄን ዘረጋሁ። አሕመድም በሌላው በኩል፣ «ኣቦይ ኪሮስ፣ አባቴ ቢኖር እሱ ነበር የሚመጣው፤ እኔን ልኮኛል ብለው ይያዙልኝ» አለው።

እጆቻችንን አየ። ከዚያ ሁለቱንም ያዘ። በሓድነት ጐዳና ላይ በመካከላችን አድርገን በዝግታ አመጣነው። የሱቅ ሰዎች ተነሥተው ቆሙ፤ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ እስክናልፍ ጠበቀ። ምን እንደ ሆነ ማንም አልጠየቀም። ያች ከተማ ብዙ ነገር ተወስዶባታል፤ ይህን ግን አልረሳችም፤ ያን ቀን የመቐለ ሰው በመሆኔ የተሰማኝን ኩራት ከዲግሪዬ ጋር አላወዳድረውም።

ቀዩ ቆዳ ላይ አስቀመጥነው። በመጀመሪያ ቀኝ እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ፤ አውራ ጣቱ የነሐሱን መስመር ፈልጎ አገኘው። «እሱ ነው» አለ። እኔ ማንሻውን ተጫንኩ፤ ኪሮስ በጸጥታ ከፍ አለ። አሕመድ መቀሱን አንሥቶ ረጅሙን ቆረጠ፤ ቀጥሎ ሳሙናውን ለቀለቀ፤ ምላጩን ስሎ ጀመረ። ነጩ ጢም ሲወርድ የማውቀው አገጭ ቀስ በቀስ ወጣ፤ ሸምግሏል እንጂ ያው ነው። ኪሮስ ዐይኑን ጨፍኖ ያለቅስ ነበር። አሕመድ ምላጩን አርቆ፣ እንባው እስኪያቆም እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ልክ አባቱ ዘፈን ሲሰማ እንደሚቆመው። ኮሎኛው ሲነካው ኪሮስ «ኡፍ» አለ፤ ያን ጊዜ እኔም አንገቴን አዞርኩ።

መስተዋቱን ስይዝለት ራሱን ለብዙ ጊዜ ተመለከተ።

«ለተብርሃን ብታየኝ ‹ከሳህ› ትለኝ ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በድሮው የአውቶቡስ ድምፁ፣ «ፍረወይኒ! ለእነዚያ ሰዎች ቀን ቁረጡ በያቸው!» ብሎ ተጣራ። ልጅቱ ከኋላችን ተከትላ መጥታ በግቢው በር ላይ ቆማ ነበር።

ሰርጉ ሆነ፤ መረቀ፤ ምርቃቱን አስረዝሞ ሰው ሁሉ በረሃብ አለቀ። ሙሽራው በዋዜማው የተላጨው በዚያው ወንበር ነው። በሌላው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው የአማቱን እጅ ይዞ በራችንን አንኳኳ፤ የሽማግሌው ጢም እንደ ኪሮስ ሆኗል። ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች መጡ፤ ከዚያም ሌሎች። ጊዜያቸው ያለፈባቸው ሐዘንተኞች ለካ በከተማችን ብዙ ኖረዋል። አሁን አሕመድ በየቅዳሜው ጧት መቀሱን ይዞ ይመጣል፤ እንደ አባቱም ገንዘብ አይቀበልም። ተራ የሚጠብቁት በሌሎቹ ወንበሮቼ ላይ ይቀመጣሉ፤ ምሕረት ዱካ ማውጣት አቁማለች። አሕመድ ለዕድሜዬ አስቦ፣ ወንበሩን የሚያነሣ ሠራተኛ ላምጣልዎ ብሎኝ ነበር። ምላጩ የእሱ ነው፣ ወንበሩ የሰይድ ነው አልኩት። ማንሻውን ግን ለማንም አልሰጥም።